ዲስኩ የማያውቀው ገርጂ

እስከ ዛሬ መኪና ውስጥ ካርታ የሚያሳይ ስክሪን ሳይ አንጀቴ ያራል። ጥፋቱ የአጎቴ ነው። ሞባይል አገራችን ገና ሳይገባ፣ አጎቴ ከጃፓን የመጣች ያገለገለች መኪና ገዛ። መሪዋ ወደ ግራ ተዛውሯል፤ ከሬዲዮው በላይ ግን መንገድ የምታሳይ ትንሽ ስክሪን አለቻት። ስክሪኗ የምታውቀው ጃፓንን ብቻ ነው። ስትበራ አንዲት ሴትዮ በጃፓንኛ ትናገራለች፤ አጎቴም «እሺ እመቤት» ይላታል።

ካርታው በዲስክ እንደሚቀየር ከሰማ በኋላ እኛም ሰላም አጣን። ዱባይ ለሚመላለስ ነጋዴ ጎረቤቱ የአዲስ አበባን ዲስክ እንዲያመጣለት አደራ አለው። ሰውየው ከወራት በኋላ አንድ ዲስክ ይዞለት መጣ። ሽፋኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ የቻለ የለም። አጎቴ ግን ሻጩ የመጨረሻው አዲስ ካርታ ነው ብሏል እያለ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ።

ዲስኩን ሊሞክር የመረጠው ቀን ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ የእኔ ቀን ነው። እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ ገርጂ ሄደው የምወዳትን ልጅ ለትዳር ሊጠይቁልኝ ነበር፤ አጎቴ፣ የንስሐ አባታችንና አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን ሽማግሌ ሆነው። አባቷ የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ ሰዓት ለማያከብር ሰው ፊት አይሰጡም። በወጉ እኔ ቤት መቅረት ነበረብኝ። ግን ክረምት ነው፣ የገርጂ ጭቃም የታወቀ ነው። መኪናዋ ከተያዘች እንድገፋ፣ ከዚያም ራቅ ብዬ እንድጠብቅ ተብሎ ከኋላ ተጫንኩ።

መገናኛን እንዳለፍን አጎቴ አዲሱን ዲስክ ከተተ። ያቺው ሴትዮ ያንኑ ጃፓንኛዋን ጀመረች። ካርታውም ያው ጃፓን ነው፤ የታደሰ ጃፓን። እኛን የምታመለክተው ቀስት ሰማያዊ ባሕር መሃል ቆማለች። አጎቴ ግን እስክትለምደን ነው ብሎ መንዳቱን ቀጠለ። አባቷ በስልክ የነገሩትን አቅጣጫ እንኳ፣ ማሽን እያለኝ ምን ያደርግልኛል ብሎ ሳይጽፈው ቀርቷል። በገዛ አጎቴ ደሜ ፈላ።

የባሰው ደግሞ ቤቱን እኔ አውቀዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ እደርሳለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ ስትወጣ እስከ አጥራቸው ጥግ ሸኝቻታለሁ። ለአጎቴ ግን፣ ያውም በንስሐ አባቴ ፊት፣ ደጃፋቸውን አይቼው አላውቅም ብዬ ምያለሁ። በሰው አጥር ስር ለሚቆም ጎረምሳ ማን ሽማግሌ ይሆናል? ስለዚህ መታጠፊያው ላይ ያለውን ወፍጮ ቤት ስናልፈው ዝም አልኩ። ዞረን ተመልሰን ስናልፈውም ዝም አልኩ።

ስምንት ሰዓት ሞላ። አጎቴ ስክሪኑን በጣቱ መታ መታ ሲያደርግ አንድ ጎማ ጉድጓድ ገባ። ወርጄ ገፋሁ። ለዚህ ቀን ያሰፋሁት ሱሪ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆነ። ተመልሼ ስገባ ጡረተኛው ጎረቤታችን ሰዓታቸውን እያዩ ነው። አሁን ብንደርስም ነውር ነው፣ ለሌላ እሑድ እናድርገው አሉ። አባም በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። አጎቴ መኪናዋን ወደ ቤት ሊያዞር መሪውን ሲጠመዝዝ ከኋላ ትከሻውን ያዝኩት። ዛሬ ከቀረን እኚያ ሰውዬ ሌላ እሑድ እንደማይሰጡን አውቃለሁ።

«ጋሼ፣ ከወፍጮ ቤቱ ወደ ቀኝ ታጠፍ። ሦስተኛው፣ አረንጓዴው በር ነው» አልኩ።

 አባ ዞር ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና ወደ ፊታቸው ተመለሱ። አጎቴ ስክሪኑን አጠፋና ታጠፈ።

አባቷ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው። ለሽማግሌዎቹ እጅ ነስተው አስገቧቸው። እኔ ወንበሩ ላይ ኩምትር ብዬ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እላለሁ። ሰውየው ግን አብረው አልገቡም። ወደ መኪናዋ መጥተው መስኮቱን አንኳኩ።

«አንተ ልጅ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ጥግ ላይ አንድ ቀን አርፍደህ አታውቅም» አሉኝ። «ዛሬ ምን ነካህ?»

 የመኪናዋን በር ራሳቸው ከፈቱና ጫማህን ጥረግና ግባ አሉኝ።