የጋሽ ይመርን ማሲንቆ ያጸዳሁበት ሳምንት

ልጅ ሳለሁ የምንሞቀው ፍም የውሸት ነበር፤ ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ከሥሩ ቀይ አምፖል የሚበራበት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ። ያኔ ለንደን፣ ኪልበርን ሰፈር በብርዱ ወራት ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ይጨልም ስለ ነበር፣ እናቴ ከሥራ እስክትመለስ ከኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው በሚኖሩት በጋሽ ይመር ቤት እቆያለሁ።

ጋሽ ይመር ከወሎ የመጡ የማሲንቆ ሰው ነበሩ። የለንደን እርጥበት የማሲንቆውን ቆዳ ስለሚያረግበው፣ መጀመሪያ እንደ ታመመ ሕፃን አቅፈውት ማሞቂያው ፊት ይቀመጡና ቆዳው እስኪወጠር ያወሩኛል። ተረታቸው የጅብና የቀበሮ አልነበረም፤ እያንዳንዱ የማሲንቆ አመታት ከማን እንደ መጣ ነበር የሚተርኩልኝ። ደጋኑ ሲመለስ የሚሰማው ሻካራ ድምፅ የመምህራቸው ነው፤ መምህሩ ድሃ ስለ ነበሩ የፈረስ ጭራው ሳስቶም አይለውጡትም፣ ተማሪያቸው ደግሞ ሻካራውን እንደ ጥበብ ቀዳው። እግራቸው ወለሉን የሚመታበት ምት ከእናታቸው ሙቀጫ የተወሰደ ነው። አንዲት የዜማ እጥፋት ግን ነበረች፣ ከግድግዳው ማዶ ቫዮሊን ይጫወቱ ከነበሩ የአየርላንድ ሽማግሌ የሰረቋት።

«ይችን ለማንም እንዳትነግሪ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያገሬ ሰው ከሰማ፣ ይመር ተበረዘ ብሎ ለቅሶዬ ላይም አይመጣልኝ።»

«ሽማግሌውስ እንደሰረቋቸው ያውቃሉ?»

«እሱም ከኔ ሰርቋል። ተካክሰናል።»

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጅም ተማሪም አልነበራቸውም። አንድ ቀን ቴፑን ፊታቸው አስቀምጠው፣ እጃቸው እሺ ያላቸውን ያህል መቱና ካሴቱን ሰጡኝ።

«ከመምህሬ ተማሪዎች የቀረሁት እኔ ነኝ። ከኔ በኋላ እዚች ውስጥ ካልተገኘ የትም አይገኝም። አንች ኮምፒውተር ታውቂያለሽ፣ አስቀምጭልኝ።»

አደራ እንዴት እንደሚጠበቅ ጠንቅቄ አውቅ ነበር። ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ ሙሉ ሳምንት አፍጥጬ አጸዳሁት። የማሞቂያውን ጉምጉምታ ዲሊት አደረግሁ፤ የእግራቸውን ድምፅ፣ ትንፋሻቸውን፣ በተለይ ደግሞ ደጋኑ በተመለሰ ቁጥር የሚሰማውን ሻካራ። የመምህሩን ድህነት ጭምር ያቃለልኩላቸው መሰለኝ። እጥፋቷንም ምስጢር ጠባቂ ነኝና ቆረጥኳት። ካሴቱ ከዚህ ወዲያ ስለማያስፈልግ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዬን ቀዳሁበት።

ከዚያ ማዳመጫውን በሁለት እጄ ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ጎበዝ ነው» አሉ። «ማነው?»

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሽ ይመር።»

ማሞቂያውን አዩ። ቀጥለው ጭናቸው ላይ የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን አዩ። «ተባረኪ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ ማሲንቆውን ሊያሞቁት አላወጡትም።

ዛሬ እሳቸው የሉም። ያጸዳሁት ቅጂ ግን የማኅበራችን በዓል ላይ በየዓመቱ ይከፈታል፤ «ንጹሕ የወሎ አመታት» ይባልለታል። ቅርስ በመጠበቄ ይጨበጨብልኛል፣ እኔም ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ። ማሲንቆው እኔ ዘንድ ነው። አንዳንድ ቀን ማሞቂያ ፊት አቅፌው እቀመጣለሁ፤ ቆዳው እንደ ድሮው ይወጠራል። የመምህሩን ድህነት፣ ሙቀጫውን፣ ከግድግዳው ማዶ የነበሩትን ሽማግሌ፣ ሁሉንም አስታውሳለሁ፤ ከተረቱ አንድም አልጠፋብኝም። የጠፋብኝ ድምፁ ብቻ ነው።