ጥላሁንን የያዘው የማሞ ልጅ

ልጄ ወይንሸት የነርቭ ሐኪምና ተመራማሪ ናት። ለፋሲካ እኔ ወዳለሁበት ወደ ዘመሮ መጥታ ሳለ የምርምር ጽሑፎቿ የተደረደሩበትን ገጽ በስልኳ አሳየችኝ። ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ጎን ቁጥር አለ፤ ሌሎች ተመራማሪዎች በሥራቸው ውስጥ ስንት ጊዜ እንደ ጠቀሱት ይናገራል። የማዕረግ ዕድገቷ በዩኒቨርሲቲው ሊታይ ነው፤ ከሚመዘኑት ነገሮች አንዱ ይኸው ቁጥር ነው። ስለ ስትሮክ የጻፈችው ደህና ተጠቅሷል። የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ለምን ተቃጥለው ሆስፒታል እንደሚመጡ የጻፈችው፣ ዓመታት የለፋችበት፣ እሱ ግን እዚያው ታች ቀርቷል።

«ስንፍና ይሆን?» አልኳት። ልጆቼን ያሳደግሁት እንዲህ እየጠየቅሁ ነው።

«አባባ፣ እኔ እጽፋለሁ እንጂ ጥቀሱኝ ብዬ አልለምንም» አለች፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃተኝ። በረንዳ ወጣሁ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ወጣሁ። በሐሳቤ የመጣው ጓሳ ላይ የሆነው ነገር ነው።

ጎረምሳ ነበርኩ። ታግዶ የቆየው ጓሳ፣ የጋራ የሣር መሬታችን፣ ለአጨዳ ተከፍቶ የቤት ክዳን ሣር ልናጭድ ወጥተናል። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። በሶ በልተን፣ የጠላውን ቅል ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፍን እንሠራ ነበር። ጎረቤቴ ጥላሁን ድንገት ወደቀና አጠገባችን ያለ ምንጭ ውስጥ በፊቱ ተደፍቶ ይንፈራገጥ ጀመር። ሁሉም ሸሸ። ያኔ በእኛ ዘንድ የሚጥል በሽታ በለሃጭና በትንፋሽ ይጋባል ይባል ነበር፤ ክብሪት ጭሮ ጭሱን የሚያስሸትተው አይጠፋም፣ ገላውን የሚነካ ግን የለም። እኔ ጎትቼ አወጣሁት፤ በጎኑ አስተኝቼ እስኪነቃ ያዝኩት። ለሃጩ እጄን አራሰው። አዋቂ ሆኜ አይደለም፤ ውኃው ሊገድለው ስለ ነበር ነው።

ጥላሁን ነቅቶ ተቀመጠ። ቅሉ ግን እኔ ጋ ሲደርስ ዘለለኝ።

«አንተ በመዳፍህ ትጠጣለህ፣ እናፈስልሃለን» አለኝ አንዱ እየሳቀ። ሌሎቹ አልሳቁም።

ክረምቱን ሙሉ መውደቄን ስጠብቅ ከረምኩ። በሬ ስጠምድ ትንሽ ካዞረኝ፣ በቃ መጣብኝ እላለሁ። ከእሳት ርቄ እቀመጣለሁ። ከወንድሜ በተረፈ የፊደል ገበታ ራሴን ማንበብ ያስተማርኩት ያኔ ነው፤ የሚያናግረኝ አልነበረማ። አልወደቅሁም። «ይኸው አልወደቀም» ብሎ አፉን የሚከፍት ሰው መጥፋቱ ነበር የሚያንገበግበኝ።

መስከረም ላይ ቀየት ገበያ ወጣሁ። ማረሻ የሚቀጠቅጥ ባለ እጅ ምድጃ አጠገብ አንዲት ኮረዳ ወደቀች፤ የነጠላዋ ጫፍ ፍሙን ነካ። ሰዉ ዙሪያውን ቆመ። ጨው ሻጭ እናቷ እየገፋች ገባች።

«ምን ታያላችሁ፣ ያዙልኝ እንጂ» አለች።

«ይጋባል፣ እመቤት» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«የማሞ ልጅ፣ ያ ረጅሙ፣ ጓሳ ላይ ጥላሁንን አቅፎ ምን ሆነ? ቅሉን ነፈጋችሁት እንጂ ይኸው በሬውን ይጠምዳል።»

ከጀርባዋ ቆሜያለሁ። አታውቀኝም። ረጅሙ ወንድሜ ነው። «እኔ እኮ ነኝ» ልል አፌን ስከፍት ዞር ሳትል «አንተ አጭሩ፣ እግሯን ያዝ» አለችኝ። ያዝኩ። ሽማግሌው ጥቂት አመነቱና ጋቢያቸውን አውልቀው የነጠላውን እሳት አዳፈኑት።

ይህን ለወይንሸት አውርቼላት አላውቅም ነበር። ስነግራት ሳቀች።

«ታዲያ እኮ ለአጎቴ ነው የተቆጠረው» አለች።

«ተይው። እነዚያ የጠቀሱሽ ጥቂቶች ጠቅሰው ምን አደረጉ?»

ስልኳን ከፍታ አነበበችልኝ። አንዱ ጽሑፍ ስሙ ምላሴ ላይ ከማይያዝ አገር ነው፤ ምድጃ ከፍ አድርገው ሠርተዋል፣ የወደቀ ሰው እንዴት እንደሚያዝም ለቤተሰብ አስተምረዋል። ጽሑፉን ያየነው ከወይንሸት ነው ይላሉ።

ዕድገቷ ገና አልታወቀም። ሥራው ከደረሰ ስም ምን ያደርጋል የሚል ሰው ይኖራል፤ እኔ አልልም። የለፋ ሰው በስሙ ይጠራ። አዲስ አበባ ሳትመለስ ገጹን በእኔ ስልክ ላይ አድርጋልኝ ሄደች። ጠዋት እከፍተዋለሁ፣ ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ወደ ማሳ እሄዳለሁ፣ ከመንገድ ቆሜ ደግሜ እከፍታለሁ። ጨው ሻጯ ስሜን ሳታውቅም ልጇን አንሥታለች፤ ይህ አይጠፋኝም። ቢሆንም ያን ቀን ዞር ብላ አይታኝ ቢሆን እወድ ነበር።