ጎርፉ በማን ማሳ ይለፍ

የአፈርና ውሃ ጥበቃ ዐውደ ጥናት አልወድም። ገበሬ ሁሉን ያውቃል የሚሉ የከተማ ሰዎችንም አልወድም፤ ታላቅ እህቴ የካበችውን እርከን አይቼዋለሁ፣ ፍየል ከተደገፈው ይፈርሳል። ያም ሆኖ ባለፈው ግንቦት ከእሷ ጋር ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ስቆራመድ ዋልኩ። ልጆቿ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ይሰፋሉ፤ የመሬት ነገር ሲነሳ ስልካቸውን ማየት ይጀምራሉ። የቀረኋት እኔ ነኝ።

እህቴ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በውቅሮ መንገድ በኩል አንድ ማሳ አላት። መሐሉን ቦረቦር እየበላው ነው። ከላይ ያለው ጎረቤቷ የድሮውን መውረጃ በድንጋይ ዘግቶ ጎርፉን ወደ እሷ ለቀቀው። እሷም ይህንኑ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ነገረችው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የላቸውም። ዐውደ ጥናቱን ያዘጋጀው ፕሮጀክት ድንጋይ ታጭቆበት ቦረቦር የሚገደብበትን ሽቦ ይሰጣል። የሚሰጠው ግን የላይኛውና የታችኛው ባለመሬት ውሃው በማን በኩል እንደሚወርድ ከተስማሙ ብቻ ነው። ሳይስማሙ ክረምቱ ከገባ እህቴ ለሚቀጥለው ዓመት የምታርሰው አይኖራትም።

ሰዉ የተቀመጠው በየተፋሰሱ ነበር። ስለዚህ እህቴና ባላንጣዋ ጎን ለጎን ሆኑ። መሐላቸው ልገባ ስል አስተናጋጇ ልጅ፣ "አያ፣ የእርስዎ ማሳ የት ነው?" አለችኝ። ማሳ የለኝም ብላት ወደ ኋላ ሰደደችኝ።

አሰልጣኙ ጨዋ ወጣት ነው። ክፋቱ፣ ግድግዳው ላይ የበራውን ጽሑፍ ሁሉ ቃል በቃል ያነብልናል። "አሳታፊ" የሚለውን ቃል በጠራ ቁጥር አንድ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል። መብራት ጠፋ። ተገላገልን ስንል የስልኩን ባትሪ አብርቶ ከወረቀት ቀጠለ።

"ወይለይ!" አለች እህቴ፣ ለማን እንደምትናገር ሳታስብ። "የዚህ ልጅ ምራቅ አይደርቅም?"

ጎረቤቷ ፊቱን ሳያዞር፣ "ውሃ መቆጠብ አይደል የተማረው" አላት።

ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

"ባለፈው የመጣው ይሻል ነበር" አለች ቆይታ።

"ያኛውማ ራሱም ይርበው ነበር። ለምሳ በሰዓቱ ይለቀን ነበር።"

እንዲህ እያሉ ልጁን ከጫማው እስከ ከረባቱ ቦጨቁት። ያስታረቃቸው ሽማግሌ የለም፤ ሰለቻቸው፣ በቃ። ስለ ሕዝብ አንድነት የተጻፈ ብዙ አንብቤያለሁ፤ መሰልቸት ያለውን ጥቅም የጠቀሰ አላጋጠመኝም።

ምሳ ላይ ሳህን ይዘው እንደቆሙ ጎረቤቷ ጀመረ።

"ቦዩ ከላይ በእኔ ጫፍ ይለፍ። ከታች ደግሞ ባንቺ ጌሾ በኩል።"

እህቴ መጉረሷን አቆመች። ጌሾው ከማሳዋ ሁሉ የሚሻለው ጥግ ነው። ሳሙናውንም ዘይቱንም የምትገዛው ቅጠሉን ሸጣ ነው።

"ጌሾዬን?"

"ታዲያ ውሃው በሰማይ ይሂድልሽ?"

"ድንጋይ ስትደረድርበትስ በየት ይሂድ ብለህ ነበር?"

"ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ጥፋቴ ነው ልበልሽ? እሺ፣ ጥፋቴ ነው። ጌሾውስ?"

ይሄኔ ገባሁበት። "እንዳትሰጪው! ያበላሸው እሱ፣ የምትከፍዪው አንቺ?" ትክክል ነበርኩ፤ ዛሬም ትክክል ነኝ።

እህቴ ዞራ እንኳ አላየችኝም። "አንተ ወደ ኋላ ተብለሃል" አለችኝ። ከዚያ ለእሱ፣ "ቅጠሉን ሳልለቅም ግን አንድ ሰው አካፋ እንዳያነሳ" አለችው።

የፕሮጀክቱ ቀያሾች ለቦዩ ገመድ በዘረጉ ማግስት ማሳው ሄድኩ። እህቴ ጌሾው ሥር ቁጢጥ ብላ ቅጠሉን ትለቅማለች። የምትቆጣ ወይም የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ደክሟት ነበር፣ ሌላ የለም። ጎረቤቷ ገጀራ ይዞ መጣና ግንዱን እየቆረጠ አህያዋ ላይ መጫን ጀመረ።

"ስዋ ስትጠምቂ ካልጠራሽኝ ቦዩን እደፍነዋለሁ" አላት።

"መድፈኑንማ ታውቅበታለህ።"

እኔ ጥላ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ሽቦው ዘግይቶም ቢሆን ደረሰ፤ ቦዩም ተቆፈረ።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በወረደ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ፣ እህቴ ደወለች። ከበስተጀርባዋ የጎረቤቷ ጩኸት ይሰማል፤ አንዱን ሰው ድንጋይ አቀብል ይለዋል።

"በቦዩ ሄደ" አለችኝ።

"ሁሉም?"

"አብዛኛው። አንዱ ጎን ተንዷል። ማሳው ግን አለ። ነገ ስለምንክብ በጠዋት ና።"

ወገቤን እያመመኝ መሆኑን ማስረዳት ጀመርኩ። ስልኩን ዘግታዋለች።