የግዛቱ መኪና መሪ የተቃናበት ታሪክ

ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት በትእዛዝ ነው። በ1927 ዓ.ም. በሶዶ የግዛቱ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሳለሁ፣ የመሥሪያ ቤታችን ብቸኛ መኪና መሪው ከታደሰ በኋላ አልታዘዝ አለ። ምክትል ገዢው ምክንያቱን መርምሬ እንዳቀርብ አዘዙኝ። እኔ ስለ መኪና የማውቀው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ መሄድን ብቻ ነበር።

የመሪውን ዙር ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈውን ሳጥን ፈትቶ ያደሰው፣ ከገበያው በታች የሚሠራ ወላይታ ቀጥቃጭ ነው። ተበልቶ ያለቀውን ቀለበት በናስ እንደ አዲስ ሠርቶለታል። ሥራው ከተወደደ ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ እንዲሆን ቃል ተገብቶለታል፤ ካልተወደደ ሳጥኑ ወደ አዲስ አበባ ይላካል፣ እርሱም ዳግመኛ የመንግሥት ዕቃ አይነካም። በዚያ ዘመን የቀጥቃጩን እጅ እየፈለገ ሰውየውን ከማዕዱ የሚያርቅ ብዙ ነበርና፣ ቃሉ ለእርሱ ከደመወዝ በላይ ነበር።

ማለዳ፣ የዳሞታ ተራራ ብርድ ገና ሳይለቅ፣ መሪው ድንጋይ ሆኖ ይገኛል፤ የሳጥኑን ብሎን ያላሉታል። ቀትር ላይ ደግሞ ያለ ልክ ይላላና መኪናው ገበያተኛውን እየበተነ ወደ ቦይ ያመራል፤ መልሰው ያጠብቁታል። ሾፌሩ፣ ናስህ ጠዋት ይወፍራል፣ ቀን ይከሳል እያለ ያፌዝበት ነበር። ቀጥቃጩም ናስ በብርድ ሲወፍር አላየሁም ብሎ ይመልስለታል።

እኔ ያስተዋልሁት ውሾቹን ነው። መኪናው በቆመ ቁጥር የሰፈሩ ውሾች ከሥሩ ይሰበሰባሉ። ጎንበስ ብዬ ብመለከት ከሳጥኑ የሚንጠባጠበውን ይልሳሉ። በጣቴ ነክቼ አሸተትሁት፤ ኮሰረት ኮሰረት አለኝ።

"ምን ጨመርህበት?" አልሁት ሾፌሩን።

"ግራሶ አልቆብኝ ነበር" አለ ሳያፍር። "ባለቤቴ ያነጠረችው ነው፤ በሶዶ ከዚያ የሚበልጥ ቅቤ አይገኝም።"

ቀጥቃጩ መፍቻውን አስቀመጠ። "በነቢያት ጾም መኪናውን ቅቤ አበላኸው?"

"እሱ ክርስትና አልተነሣማ።"

ሦስታችንም ጎማውን ተደግፈን እስኪደክመን ሳቅን። ለካ ቅቤው በብርድ እየረጋ መሪውን ይይዘዋል፣ በሙቀት እየቀለጠ ይለቀዋል፤ ናሱም ብሎኑም በከንቱ ሲታሙ ከርመዋል። ሳጥኑን በላምባ አጠብነው። ቀጥቃጩ የወናፉን ቆዳ የሚያለሰልስበትን ወፍራም የጉሎ ዘይት ሞላበትና ብሎኑን ለመጨረሻ ጊዜ አስተካከለ።

በማግስቱ ምክትል ገዢው ባሉበት ማለዳ ወደ አረካ ወጣን፣ ቀትር ላይ ተመለስን። ቀጥቃጩ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ዓይኑን ከመሪው አልነቀለም። ሾፌሩ ሜዳው ላይ ሁለት እጁን ሲያነሣ መኪናው መንገዱን ሳይለቅ ሄደ። ምክትል ገዢው ስለ ቅቤው ያቀረብሁላቸውን ሰምተው ስለ ነበር፣ ለውሾቹ አዘንሁ አሉ።

ቀጥቃጩ በመሥሪያ ቤቱ በብረት ሥራ ባለሙያነት እንዲቀጠር የሚያዝዘውን ደብዳቤ በእጄ ጻፍሁ፤ እርሳቸውም ታኅሣሥ 20 ቀን 1927 ዓ.ም. ፈረሙበት።