ፓስታው ይሰበር

ልጄ ለትምህርት ወደ ጣሊያን ልትሄድ ነው። ባለፈው እሁድ እዚህ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ጠባቧ ወጥ ቤታችን ውስጥ ቆማ ለተጓዦች የተጻፈ ምክር ከስልኳ ታነብልኝ ጀመር። ጣሊያኖች ከምሳ በኋላ ካፑቺኖ አይጠጡም። ፓስታ ሰብሮ መቀቀልም እነሱ ዘንድ ነውር ነው፤ ቅር ይላቸዋል። ቅር ይበላቸው! እኔ ይህን ነውራቸውን የማውቀው ከአያቴ ጆሮ ነው።

ልጅ እያለሁ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ እዚሁ በነበረው የጭቃ ቤታችን፣ ፓስታ የሚሰብሩት አያቴ ነበሩ። እናቴ እሽጉን ታቀርብላቸዋለች፤ እሳቸው ጉልበታቸው ላይ ቀጭ ያደርጉታል። የቲማቲሙና የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ግቢውን ሲያውደው እኔ አኮርፋለሁ። የጎረቤት ልጆች ረጅሙን ፓስታ እየመጠጡ አገጫቸውን ሲያቀሉ፣ እኛ ስብርባሪውን በእንጀራ እንጠቀልላለን።

አንድ ቀን አክስቴ እጮኛዋን ከቤተሰብ ልታስተዋውቅ አመጣችው። እናቴ እንግዳውን አፍራ ፓስታውን ሳታሰብር ቀቀለችው። አያቴ ሳህኑን አዩት፣ ገፉትና ተነሡ።

"አባባ፣ በሰው ፊት?" አለች አክስቴ። ጋብቻው የፈረሰ መሰላት።

አያቴ ያን ቀን ብቻ ተናገሩት። በወረራው ዘመን፣ በጎረምሳነታቸው፣ አንድ የጣሊያን መኮንን ቤት ምግብ ያበስሉ ነበር። ፓስታው ለድስቱ ቢረዝምባቸው ሰበሩት። ሰውዬው አየና ግራ ጆሯቸውን በጭልፋ መታቸው። ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ዞረን የምናናግራቸው ለዚያ ኖሯል፤ እኛ እርጅና ነበር የሚመስለን።

"የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ በቤቴ ግን ይሰበራል" አሉ።

እጮኛው የራሱን ፓስታ በእጁ ቆራረጠና መብላት ጀመረ። አያቴ ተመልሰው ተቀመጡ። አክስቴን የዳሩለት ያኔ ነው እላለሁ፤ ሽምግልናው በኋላ የመጣ ወግ ነው።

ይህን ስነግራት ልጄ ስልኳን አስቀመጠች።

"እማዬ፣ እዛ ስሄድስ?"

"እዚያ የሰው ቤት ነው፣ ነውራቸውን አክብሪ። እዚህ ግን ስበሪ።"

ዛሬ ያ ቤት የለም፤ ግቢውም ጎረቤቶቹም የሉም። እኔም ንዴቱን እንጂ ሌላ ርስት አልወረስኩም። ልጄ ለምሳ ያዘጋጀሁትን የፓስታ እሽግ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀጭ አደረገችው። አያቴ ያን ድምፅ ዕድሜ ልካቸውን በአንድ ጆሯቸው ነበር የሚሰሙት። እኔ በሁለቱም ሰማሁት።