የደምሴ ሳኬና የየሺ ድርሻ

ከአርብ ገበያ የተነሣሁት ቅዳሜ ማለዳ፣ ገበያው በተበተነ ማግስት ነው። መድረሻዬ ስማዳ፣ ወገዳ፤ ምክንያቴ የአሥር አለቃ ደምሴ ልጅ ክርስትና። ይህ ለሰው የምነግረው ነው። ደምሴ ኮሪያ ከመዝመቱ በፊት ሚስቴን የሺን ሽማግሌ ልኮ አስጠይቋት ነበር፤ አባቷ «ለዘማች አልሰጥም» አሉና ለእኔ ዳሯት። አሁን ደግሞ ከዘመቻው ሲመለስ በጃፓን አልፎ ያመጣውን፣ ብዙ ዘመን የከረመ ሳኬ የሚሉትን የሩዝ መጠጥ ሊከፍት ነው ሲባል ቅናቴ ተነሣና ላየው ወጣሁ።

ቁልቁለቱን በእግሬ ወረድሁ፤ በቅሎዬ ተከተለችኝ። ወንዙ ዳር በሶ ጨብጬ በላሁ። ዳገቱ ላይ አንድ ገብስ አጫጅ፣ «ወዴት ነው ጌታው?» አለኝ።

«ደምሴ ቤት።»

«ታድለዋል! ያንን የጃፓን መጠጥ ሊቀምሱ!»

አጫጁ ሳይቀር ሰምቷል! መንገድ ላይ አድሬ እሑድ ደረስሁ።

ከምሳ በኋላ ደምሴ ጠርሙሱን ከፈተ። ቀለሙ እንደ ጠጅ፣ ሽታው የተቆላ ገብስና ማር ነው። መጀመሪያ ከቤተ ልሔም የድጓ ትምህርት ቤት ለመጡት የኔታ በስኒ ሊቀዳ ሲል፣ ላሳፍረው ብዬ፣ «አሳላፊ ሳይቀምስ ይጠጣል እንዴ?» አልሁ።

«እውነት ነው፣ ሥርዓት ነው» አለና መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰ። ለእያንዳንዱ እንግዳም እንዲሁ አደረገ።

የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ይህስ መጠጥ አይደለም፣ ሊቅ ነው» አሉ።

በቅምሻው ብዛት ለእኔ ሲደርስ አንድ ስኒ ብቻ ቀረ። ደምሴ ጠርሙሱን በቡሽ ወተፈው። «ይህች የየሺ ናት። ጋይንት ሁሉ የሚያወድሰውን ጠጅ የምትጥል እሷ ናት፤ ቀምሳ ትፍረድልኝ።»

«ይገባታል!» አለ ቤቱ ሁሉ። ጥርሴን ነክሼ ተቀበልሁ።

ስመለስ ወንዙ ዳር ቡሹን ሁለት ጊዜ ነቀልሁ። ብደፋው ወሬው ይደርሳታል፤ ብጠጣው ደምሴ ይስቅብኛል። መልሼ ወተፍሁት።

ቤት ስደርስ የደምሴን መልእክት ነገርኋት፤ የሺ ስኒዋን አቀረበች። «ቅመስልኝ እንጂ፣ አሳላፊው አንተ አይደለህ?» አለች። ቀመስሁ። አምላክ ያውቃል፣ ጥሩ ነበር። እሷ አፏ ውስጥ ይዛ ቆየች። «ሆምጣጤ ነው» ትል ዘንድ ተሳልሁ።

«ከእኔ ጠጅ ይበልጣል» አለች። ይህን ለማንም ጠጅ ብላ አታውቅም።

መንገድ ቅናት ያራግፍልኛል ብዬ ነበር፤ ይብስ ጭኖኝ መለሰኝ። የሺ ባዶውን ጠርሙስ አጥባ ከብርሌዎቿ መካከል አቆመችው። በቅሎዬ ሳር በልታ፣ ተኝታ ድካሟ ለቀቃት፤ የእኔ ግን እስካሁን አለ።