ያልተነጠፈችው ጥግ

በደርግ ዘመን ጎባ ማዘጋጃ ቤት ቀያሽ ነበርኩ። ወጣት ነኝ፣ ደንበኛ ግትር። ሜትሬን ይዤ ሰው ግቢ ስገባ ሕግ ራሱ በእግሩ የገባ ይመስለኝ ነበር።

ክረምት ሊገባ ሲል አጠገባችን ባለችው ሮቤ ላይ መመሪያ ወጣ፤ እየዞርኩ እንድለካ እኔ ተላክሁ። በዋናው መንገድ ዳር ያለ ቤት ሁሉ ከአጥሩ እስከ በሩ ግቢውን ድንጋይ ያንጥፍ፤ ያላነጠፈ የፊት ቦታው ለቀበሌ ይሆናል። ትልልቅ እንግዶች ስለሚመጡ ነው ተባለ። የሮቤን ጭቃ ለሚያውቅ ነገሩ ክፉ አልነበረም። ጎመናቸውን የነቀሉት ሴቶች ግን እኔን ይራገሙ ነበር፤ አልፈርድባቸውም።

ሀጂ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ ግቢያቸውን አሳምረው አንጥፈዋል። አጥሩ ሥር ብቻ ሁለት ክንድ የማትሞላ ጥግ፣ ጤና አዳም ተተክሎባት፣ አፈር እንደሆነች ቀርታለች።

«ይቺስ?» አልኳቸው።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ይቺን ተውልኝ።»

ምክንያቱን ብጠይቃቸው ወደ ሱቃቸው ገቡ። እልህ ያዘኝ። ቅጹ ላይ «አንድ ጥግ አልተነጠፈም፤ ባለቤቱ ፈቃደኛ አይደሉም» ብዬ ጽፌ ለቀበሌው ሊቀመንበር ሰጠሁ። ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ሊቀመንበሩ ግን አሰበ። የሶማሊያ ጦርነት ካለቀ ብዙ አልቆየም፣ መሣሪያ የቀበረ ሰው ይፈለግ ነበር። በማግስቱ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች አስከትሎ ሄደ፤ እኔም ቦታውን እንዳሳይ ተጠራሁ። ሀጂ በራቸው ላይ ቆመዋል። አንድ ጥይት ብትገኝ እንደሚረሸኑ ሁላችንም እናውቃለን። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔን ያመለጠኝ እስክሪብቶዬ ነው።

አንደኛው ጥበቃ ሲቆፍር አካፋው ጣውላ ነካ። ሳጥን ነው። ክዳኑን ፈነቀለው። ውስጡ ጠርዙ የተበላ አሮጌ ወረቀት፣ በዓረብኛ የተጻፈ። ይሄ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር፤ ያን ጊዜ የዓረብኛ ጽሑፍ ከድንበር ማዶ የመጣ ደብዳቤ ነው ተብሎ ሰው ያሳስራል።

«ያረጀ ቁርኣን ነው» አሉ ሀጂ። «እግር እንዳይረግጠው ቀበርኩት።»

ሊቀመንበሩ አላመናቸውም። እንደ እኔው ክርስቲያን ነው፣ ዓረብኛ ማንበብ አይችልም። ወደ ሁለተኛው ጥበቃ፣ ወደ ሙስሊሙ ዞረ።

«አንሣና አንብብ።»

ልጁ ወደ ኋላ አለ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ውዱእ የለኝም። ሳልታጠብ አልነካውም።»

«ትእዛዝ ነው!»

«ወላሂ አልነካውም።» ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ አጥሩ ላይ አስደገፈና እጁን አጣምሮ ቆመ።

ሊቀመንበሩ ልጁን አየ፣ ሳጥኑን አየ። ለደብዳቤ ብሎ ትእዛዝ የሚጥስ ጥበቃ እንደሌለ ገባው። «ክደኑት» አለ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «መመሪያው ጥግ ይተዋል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ይተዋል ብል ማንም አይከራከረኝም ነበር። ሀጂ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

«አይተውም» አልኩ።

ቅዳሜ ሥራው ማለቁን ላረጋግጥ ሄድኩ። ጥጓ ተነጥፋለች። ድንጋዩ ላይ መውጣት ከብዶኝ በሩ ጋ ቆምኩ። ሀጂ ከሱቃቸው ወጥተው ትንሽ አዩኝ።

«እርገጠው፣ ኢልመ ኮ» አሉኝ። «አሁን ከሥሩ ምንም የለም።»

ሳጥኑን የት እንደወሰዱት ለመጠየቅ አፍ አልነበረኝም። አፈርኩ። ረገጥኩት፣ ለካሁ፣ ፈረምኩ።